ቀዩ ባንዲራ በቁራ ሐይቅ ላይ

አራት የበረዶ ጋሪዎች ተከታትለው ዳገቱን ይወጣሉ። የፈረሶቹ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይትጎለጎላል፤ ያንገታቸው ቃጭል ድምፅ ከጥዱ ጫካ እየነጠረ ይመለሳል። በፊተኛው ጋሪ ላይ ከነጂው ጎን የተቀመጠው የበረዶ አለቃ ኮርቢንያን ሃስልባወር መሰርሰሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በየመቶ እርምጃው አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ደቡብ ያያል።

«ምን ያገላምጥሃል? ሚስትህ ተከትላሃለች እንዴ?» አለው ነጂው።

«ከሚስቴ የባሰ ነው የተከተለኝ። ፎን ነው።»

ነጂው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ፎን ከአልፕስ ማዶ ሲገለበጥ ቀልድ አያውቅም። ያ ሞቃት ነፋስ በአንድ ቀን የሳምንት በረዶ ይልሳል፤ ሰውን ራሱን ያሳምመዋል፤ ላሞችን ወተት ይከለክላቸዋል። ሙኒክ ውስጥ ያደረገውንማ ሁሉም አይቶታል። ኮርቢንያን ለአገሪቱ የሴቶች የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮና ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ውሃ እያርከፈከፈ እንደ መስተዋት ያበጀው ሜዳ፣ ውድድሩ ሊጀመር በነበረበት ቅዳሜ ጠዋት ዳክዬ ይዋኝበት ነበር።

ዳኞቹ ያን ዕለት በሆቴሉ አዳራሽ ተሰብስበው ተጨቃጨቁ። በርሊኖቹ «ወደ እኛ እንሂድ፤ እኛ ዘንድ በመኪና የሚሠራ በረዶ አለ፣ ከሰማይ ምንም አይለምንም» አሉ። ሙኒኮቹ ደግሞ «በባቫርያ የተጠራ ውድድር በፕሩሺያ ሲያልቅ ሞተን እንገኛለን!» አሉ። የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል እንዲሉ፣ ነገሩ መላ አጥቶ ሊበተኑ ሲነሡ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ የቆመው ኮርቢንያን አንድ ቃል ተናገረ።

«ቁራ ሐይቅ።»

ቁራ ሐይቅ ከትልቅ የድንጋይ ግድግዳ ሥር የተወሸቀ ውሃ ነው። በኅዳር ከሚውለው የቅዱስ ማርቲን በዓል ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ፀሐይ አያየውም። ሰኞ ከንጋት ጋር ዳኛውም፣ ተወዳዳሪውም፣ አራት የጦር ሠራዊት መለከት ነፊዎችም ተጭነው መንገድ ጀመሩ።

ጋሪ ስላነሰ በሁለተኛው ላይ ሁለቱ ባላንጣዎች ባንድ የድብ ቆዳ ሥር ተዳብለው ተቀምጠዋል። አንዷ ኦቲልየ ዜድልማየር ናት፤ የሙኒክ በርሜል ሠሪ ልጅ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ የጀርመን ሻምፒዮን፣ ባለፈው ክረምት በዓለም ውድድር በግማሽ ነጥብ ብቻ ተበልጣ ሁለተኛ የወጣች። ሌላይቱ ሌዎንቲነ ማርክዋርት ትባላለች፤ የበርሊን ሐኪም ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ እግሯም ምላሷም ፈጣን። ዘንድሮ ወደ ዓለም ውድድር የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የዛሬው አሸናፊ።

«አጎቴ!» አለች ኦቲልየ ከኋላ ጮክ ብላ። ዘመዱ አይደለችም፤ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በሱ በረዶ ላይ ስላደገች ከአጎቴ ሌላ ጠርታው አታውቅም። «ይቺ የበርሊን ልጅ ቆዳውን ጎትታ ጨረሰችብኝ! ጉልበቴ ቢደርቅ ምስክር ሁነኝ!»

«ውሸቷን ነው! እሷ ናት ክርኗን ጎኔ ላይ የተከለችው!» አለች ሌዎንቲነ።

«ዝም በሉ፣ ፈረሶቹ እየሳቁ ነው» አለ ኮርቢንያን ሳይዞር።

ከጫካው ወጥተው ሐይቁ ሊታያቸው ሲል ግን የሱ ሳቅ ጠፋ። ከፊታቸው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። ደግሞም አንድና ሁለት አይደለም።

አርባ ያህል ሰዎች በረዶው ላይ ተሰማርተዋል። ከታችኛው ዳር ጀምረው በረጃጅም መጋዝ እንደ ሬሳ ሣጥን የሚያህል በረዶ እየገመሱ፣ በሜንጦ እየጎተቱ፣ ሳር በተነጠፈበት ጋሪ ላይ ይጭናሉ። የሐይቁ አንድ አምስተኛ ተቆርጦ ጥቁሩ ውሃ ይታያል። የቢራ ጠማቂው ሰዎች ናቸው፤ ይህ በረዶ በጓዳ ተከምሮ ነው በሐምሌ ቢራው የሚቀዘቅዘው።

አለቃቸው ቪንሴንስ ግሽዌንትነር ጢሙ ላይ የበረዶ ጠብታ ተንጠልጥሎ ቀረበ። ከኮርቢንያን ጋር ድሮ ባንድ ክፍለ ጦር አብረው አገልግለዋል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቪንሴንስ።»

«ላንተም ይስጥህ፣ ኮርቢ። ይሄ ሁሉ ሰው የማን ለቅሶ ሊደርስ ነው?»

ኮርቢንያን ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት የዳኞቹ ሰብሳቢ ቀደመው። ሰብሳቢው ከበርሊን የመጡ ጡረተኛ ሻለቃ ናቸው፤ ባንድ ዓይናቸው ላይ መነጽር ሰክተው፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው እንደ ጦር ቀጥ ብለዋል።

«አንተ ሰውዬ! ሰዎችህን አሁኑኑ አስወጣ! ይህ ቦታ ለአገር ሻምፒዮና ይፈለጋል!»

ቪንሴንስ ከላይ እስከ ታች አያቸውና ወደ ኮርቢንያን ዞረ። «ደግሞ እኚህ ማናቸው?»

«ሻለቃ ፎን ሽትሬሊትስ።»

«ጉድ ነው ዘንድሮ! በአንድ ቀን ሁለት ፎን! አንዱ ከተራራ ማዶ፣ አንዱ ከበርሊን፤ ሁለቱም በረዶዬን ሊጨርሱብኝ!»

አርባው ሰው መጋዙን ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ። የሻለቃው ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ በለሆሳስ ሊያልቅ የሚችለው ነገር በዚያች ቅጽበት ወደ ጦርነት አመራ። ቪንሴንስ እጁን አጣምሮ «ፎን ከቀትር በኋላ እዚህ ይደርሳል። እስከዚያ ያልቆረጥኩት በረዶ የሐምሌ ቢራ አይሆንም። ሙኒክ በሐምሌ ትኩስ ቢራ ስትጠጣ እርስዎ ይመልሱላት?» አለ። ሻለቃው አማካሪ ቲልማንን ጠሩ። አማካሪው ነጭ ጢም ያላቸው የሙኒክ ሽማግሌ ናቸው፤ የደንቡን መጽሐፍ ከኪሳቸው አውጥተው ስለ በረዶ ቆራጮች የሚናገር አንቀጽ ፈለጉ። አልነበረም።

ይኼን ጊዜ ኦቲልየ ከጋሪው ዘላ ወረደች። ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነው፤ ቆራጮቹ ዞር ብለው ሳል ሳል አሉ።

«ጌታው፣ እኔ የሜልኪዮር ዜድልማየር ልጅ ነኝ፤ የበርሜል ሠሪው» አለች።

የቪንሴንስ ፊት ፈታ አለ። «የሜልኪዮር? የሱ በርሜል አንዲት ጠብታ አያፈስም። ታዲያ የሱ ልጅ ከነዚህ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?»

«ያው የአባቴን ሥራ ነው። ክብ እሠራለሁ። እሱ በእንጨት፣ እኔ በበረዶ። በአንድ እግሬ የ8 ቁጥር እስላለሁ፤ ሦስት ጊዜ ባንዱ መስመር ላይ ደግሜ።»

«ባንዱ መስመር? እነዚህ ሰዎቼ ሁለት እግርና ገመድ ይዘው እንኳ ቀጥ አድርገው አይቆርጡም!»

«እንግዲያው እንወራረድ። እስላለሁ። አውራ ጣትህን አስቀምጥበት። ሦስቱ መስመር ባንድ ቦታ እንኳ ከአውራ ጣትህ ካለፈ፣ መጋዝ ስጠኝና እስኪመሽ ከናንተ ጋር ስቆርጥ እውላለሁ።»

«ካላለፈስ?»

«እስከ ሰባት ሰዓት በረዶው የኛ ነው።»

ቪንሴንስ አውራ ጣቱን አውጥቶ አገላብጦ አየው። ሰፊ አውራ ጣት ነበር፤ ቢሆንም ሦስት መስመር በሃያ እርምጃ ርዝመት! ሳቀና እጁን ዘረጋላት።

ኦቲልየ ተንበርክካ የሸርተቴ ጫማዋን አሠረች። ኮርቢንያን ቦታውን በመጥረጊያ ጠረገላት። በቀኝ እግሯ ተነሣች፤ ግራዋ ከኋላዋ እንደ ጥላ ተከተለ። እጆቿ አይወራጩም፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። የብረቱ ስለት በረዶውን ሲልስ ሐር ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ብቻ አወጣ። አንዱን ክብ ዘጋች፤ እግር ቀየረች፤ ሁለተኛውን ዘጋች። ደገመች። ሠለሰች። ወጥታ ቆመች።

ቪንሴንስ በጉልበቱ ወረደ። አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ ጫነ። ሸፈነው። አንድ እርምጃ ዳኸ፤ ደግሞ ጫነ። አርባው ሰው እየተከተለው፣ ትንፋሹን እየዋጠ፣ የ8ቱን ቁጥር ዙሪያ በሙሉ በአራት እግሩ ዞረው። ሲጨርስ ጉልበቱ ርሶ ተነሣና ወደ ሰዎቹ ጮኸ፦

«ምን ይገትራችኋል እናንተ ጥጃዎች! መጋዙን አስቀምጡ! ልጅቱ በእግሯ የምትሠራውን እናንተ በእጃችሁ አትሠሩትም!» ከዚያም ለሻለቃው ጎንበስ ብሎ፦ «ክቡር ሻለቃ፣ ለሌላ ጊዜ ጉዳይ ሲኖርዎ እርስዎ ይቀመጡና እሷን ይላኩ።»

ውድድሩ በዚህ ተጀመረ። አምስት ሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ የግዴታ ሥዕሎቹ፤ ስድስት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። አምስቱ ዳኞች ካፖርታቸውን ሰብስበው በረዶው ላይ ይንበረከካሉ፤ መስመሩን በአፍንጫቸው እስኪነኩ ያያሉ፤ ይጽፋሉ። ቆራጮቹ ወዲያው ሥራው ገባቸው። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሲደርሱ እነሱም ከዳኞቹ ኋላ እየዳኹ «ይቺ ተጣማለች»፣ «የለም፣ ጥላው ነው» እያሉ ይፈርዱ ነበር።

ሌዎንቲነ የምትስለው እንደ ሰዓት መቁጠሪያ ነው፤ ቅንጣት አትዛነፍም። ኦቲልየም እስከ አራተኛው ድረስ አልተለየቻትም። አራተኛውን ወደ ኋላ እየሄደች ስትስል ግን ከግድግዳው የረገፈች የጥድ ቅርፊት ከስለቷ ሥር ገባች። ኦቲልየ ተንገዳገደች፤ እንዳትወድቅ ሁለተኛ እግሯን አንዴ በረዶውን አስነካች። አንዴ ብቻ። ዳኞቹ ግን አምስቱም አዩ፤ አምስቱም ጻፉ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሌዎንቲነ በጥቂት ነጥብ መርታለች።

«ቦታውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። አይኔን ምን ጋረደው?» አለ ኮርቢንያን።

«አጎቴ፣ ዛፍ ስትጠርግ ልትኖር ነው?» አለች ኦቲልየ። ከቆራጮቹ ድስት የተጨለፈላትን የጉበት ድቡልቡል በሁለት ጉርሻ አጠፋችው። «ነፃው ጭፈራ ይቀራል። እሱ ላይ እይዛታለሁ።»

ነፃው ጭፈራ አራት ደቂቃ ነው፤ ሙዚቃው ይነፋል፣ እያንዳንዷ የፈለገችውን ታደርጋለች። ዕጣው ሌዎንቲነን አራተኛ፣ ኦቲልየን መጨረሻ አደረገ። ሌዎንቲነ ስትገባ በእውነት ሐይቁን ሞላችው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረች፤ ዘለለች፤ በአንድ እግሯ እስክትደበዝዝ ተሽከረከረች። ባቫርያዎቹ ሳይወዱ አጨበጨቡ። እናቷ ወይዘሮ ማርክዋርት የቀበሮ ፀጉር አንገታቸው ላይ ጠቅልለው በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኮርቢንያን ግን እሷን አላያትም። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ከሩቅ፣ ከሥር፣ ትልቅ በርሜል ሲገፋ እንደሚያሰማው ያለ። በረዶ ሲቀዘቅዝ ይዘፍናል፤ ያ ያስደስታል። ሲለቅ ግን ያጉረመርማል። ጉንጩ ላይ ሙቀት ተሰማው። ቀና ሲል የጥዶቹ ጫፍ ይወዛወዛል፤ ፎን ደርሷል።

ቀስ ብሎ ወደ መካከል ሄደና መሰርሰሪያውን ተከለ። ሁለት ስንዝር ሊሆን የሚገባው በረዶ ሦስት ጣት ሳይሞላ ተበሳ፤ ከሥሩ ውሃ ፊን ብሎ ወጣ። ቆራጮቹ ዳሩን ስለከፈቱት ውሃው ከሥር እየተንቀሳቀሰ በልቶታል።

ዙሪያውን አየ። ማንም አላወቀም። መለከተኞቹ የመለከታቸውን አፍ ያሞቃሉ። ኦቲልየ ዳር ላይ ቆማ ጓንቷን ታጠልቃለች።

አራት ደቂቃ ነው፣ አለ በሆዱ። ልጅቱ ከአንድ ጆንያ ድንች አትከብድም። ይሸከማት ይሆናል። ካልገባች ደግሞ አለቀላት፤ ጠዋት አማካሪ ቲልማን ደንቡን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምቷል፦ በረዶው ከተበላሸ፣ ሁሉም የጨረሱት ክፍል ብቻ ይቆጠራል። ማለትም ሥዕሉ። ማለትም ሌዎንቲነ።

ይሸከማል። ይህችን ቃል ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንዴ ብሏት ያውቃል። ሁለት ፈረሶችና አንድ ነጂ በቃሉ አምነው ገቡ። ነጂውን በገመድ አወጡት። ፈረሶቹ ግን አንገታቸውን ቀና እንዳደረጉ እያዩት ሰመጡ። ከዚያ ወዲህ «ይሆናል» የሚል የበረዶ አለቃ ጌታ አይምረው ይላል።

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ። «በረዶው ተዘግቷል» የሚለውን ቀዩን ባንዲራ አወጣና ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው።

ኦቲልየ ባንዲራውን አየች፤ ከባንዲራው ወርዳ ፊቱን አየች። እሱ ዓይኑን አላነሣም።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ ሻለቃው።

«በረዶው አይሸከምም፣ ክቡር ሻለቃ። ሁሉም ሰው ከመካከል ይውጣ።»

«እርግጠኛ ነህ? አንዲት ብቻ እኮ ናት የቀረችው።»

«አንዲትም አይሸከምም።»

ሻለቃው ቀዳዳውን ራሳቸው ሄደው አዩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። አማካሪው መጽሐፉን ገለጡና አንቀጹን አነበቡ። «በዚህም መሠረት... በሥዕሉ ነጥብ... አሸናፊዋ ወይዘሪት ማርክዋርት ናቸው።»

አሁን እውነተኛው ፎን ተነሣ! መለከተኞቹ ይሳደባሉ፣ ቆራጮቹ ያፏጫሉ፤ አንዱማ «ባንዲራውን አብሉት!» ብሎ በኮርቢንያን ላይ ጮኸ። ኮርቢንያን እንደ ግንድ ቆመ። ይህን ሁሉ ጫጫታ የቆረጠው የሌዎንቲነ ድምፅ ነው።

«አልወስድም።»

«ምን አልሽ?» አሉ እናቷ።

«አልወስድም አልኩ፣ እማማ። እኔ ኦቲልየን ልረታ ነው የመጣሁት፤ ነፋስ እንዲረታልኝ አይደለም። በርሊን ስመለስ ምን ልበል? ‹ባላንጣዬ ዳር ቆማ ሳለች አሸነፍኳት› ልበል?»

«ሌዎንቲነ! ብርዱ ጭንቅላትሽን ነካው!»

«ሊሆን ይችላል። የድብ ቆዳውን እሷ ናት የወሰደችው።»

ኦቲልየ ሳታስበው ሳቀች። ያን ጊዜ ቪንሴንስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ምለው» አለ፣ «ግድግዳው ሥር፣ እዚያ ጥጉ ላይ፣ መጋዝ የማይገባው በረዶ አለ። ሦስት ስንዝር ይሆናል፤ ሁልጊዜ ትተነው ነው የምንሄደው። ችግሩ ጠባብ ነው። የመንደር ሰርግ ቤት ቢያክል ነው።»

ኮርቢንያን መሰርሰሪያውን አንሥቶ ሮጠ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እንዲያ ሲሮጥ ያየው የለም። አንድ ቦታ በሳ፤ ሁለተኛ በሳ፤ አራት ቦታ በሳ። ከዚያም ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበ። «ይሸከማል! ከነፈረሱ ይሸከማል!»

አማካሪ ቲልማን መጽሐፋቸውን አገላበጡ። ስለ ሜዳ ስፋት ደንቡ ያለው «በቂ» ብቻ ነው። «በቂ ማለት» አሉ ሽማግሌው በደስታ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ዳኞቹ በቂ ያሉት ነው።»

«እኔም እዚያው ልድገም፤ እኩል እንሁን» አለች ሌዎንቲነ።

አርባ ሰው በመጥረጊያና በባርኔጣ ጥጉን ጠረገው፤ የጥድ ቅርፊት ቀርቶ አቧራ አልተረፈም። ከግድግዳው በላይ ውሃ መንጠባጠብ ጀምሯል፤ ጊዜ አልነበረም። የሁለቱ መለከቶች ቁልፍ ከጠዋት ጀምሮ በብርድ ደርቆ ስለነበር አንድ ቆራጭ አኮርዲዮኑን ይዞ ገባበት።

ሌዎንቲነ ቀደመች። በርሊን ያደገችበት በረዶ ሰፊ ነው፤ እግሯ ሰፊ መንገድ ለምዷል። ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ዳሩ ላይ ደረሰች፤ አንዴ የበረዶ ክምር ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። እየሳቀች ወጥታ ቀጠለች፤ ሽክርክሯ እንደ ቅድሙ ፍጹም ነበር፤ ዝላይዋ ግን አጠረ። ስትጨርስ ቪንሴንስ ራሱ እጇን ይዞ አወጣት።

ኦቲልየ ተራዋ ሲደርስ ለአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጎንበስ ብላ «ቀስ አድርገው፣ የሰርግ ዋልስ አድርገው» አለችው።

ገባች። ያዘጋጀችውን ሁሉ ጣለችው፤ ያ ለሰፊ ሜዳ የተሠራ ነበር። በጠባቧ ቦታ ክቡን ከክቡ ውስጥ እያወጣች፣ ፊቷን ወደ ዳር ስትመልስ ሁልጊዜ ከአንዱ ሰው ዓይን ጋር እየተገጣጠመች፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ከየጠረጴዛው አንድ ሰው ለጭፈራ እንደምታስነሣ ሴት ዞረች። ሰዎቹ ሳያውቁት ትከሻቸው ይወዛወዝ ጀመር። ሻለቃው መነጽራቸው ከዓይናቸው ወድቆ በክሩ ተንጠልጥሏል፤ አላነሡትም። ኦቲልየ መካከል ላይ ተሽከረከረች፤ ቀሚሷ ተከፍቶ ደወል ሆነ። መጨረሻ ላይ መንደርደሪያ በሌለበት ቦታ፣ በሁለት አጭር እርምጃ ብቻ፣ ተነሥታ ዘለለች፤ አየር ላይ ዞረችና ከድንጋዩ ግድግዳ አንድ ክንድ ቀርቷት በአንድ እግሯ አረፈች። እጇን ዘርግታ ግድግዳውን በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። አኮርዲዮኑ ቆመ።

ጩኸቱ ከተራራው የተንጠለጠለ በረዶ አወረደ።

ዳኞቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ሁለቱ ባቫርያዎች ለኦቲልየ። ሁለተኛው በርሊናዊ ለሌዎንቲነ። ከቪየና የመጡት ዶክተር ኤርለር ብዙ ካሰላሰሉ በኋላ፣ የሥዕሉ ነጥብ ይበልጣል ብለው ለሌዎንቲነ። ሁለት ለሁለት። የቀሩት ሻለቃ ፎን ሽትሬሊትስ ናቸው። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ ፕሩሺያዊ ለማን እንደሚፈርድ ማን ይጠፋዋል?

ሻለቃው ወረቀታቸውን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ። «በሠራዊት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ» አሉ። «ሰፊ ሜዳ ላይ ማንም ፈረሰኛ ነው። እኔ የምፈርደው በጠባብ ቦታ ነው። ወይዘሪት ዜድልማየር።» ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ሰጧት።

ቪንሴንስ ወደሳቸው ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ክቡር ሻለቃ፣ ቅድም ያልኩትን ውሃ ይብላው። ለሐምሌ ይምጡ፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እኔ ነኝ የምቀዳው።»

«ቀዝቃዛ ከሆነ» አሉ ሻለቃው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጢማቸው ሥር ፈገግታ ታየ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጋሪዎቹ ቁልቁለቱን ያዙ። መንገዱ ጭቃ መሆን ጀምሯል፤ ከኋላቸው መጋዞቹ በሚሸከመው ዳር በኩል የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ይጮሃሉ። ሌዎንቲነ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ፣ ወይዘሮ ማርክዋርት በቁጣ ሲናገሩ ብሬዘል የሚሉትን ጥምዝ ዳቦ ትገምጣለች። ኦቲልየ የብር ዋንጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኮርቢንያን ጎን ተቀምጣለች።

«ባንዲራውን ስታነሣ ደንቡን ታውቀው ነበር፣ አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«አውቀው ነበር።»

«እንደምሸነፍ እያወቅህ።»

«እያወቅሁ።»

«ፊቴን ስታይ አሳዘንኩህ?»

«ፊትሽን መች አየሁት? ባየው ኖሮ እጄ ይወርድ ነበር።»

ኦቲልየ ክንዱን ያዘችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። «ያን ጊዜ ልገልህ ነበር፣ አጎቴ። አሁን ሳስበው ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በረዶ ላይ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።»

ኮርቢንያን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፤ ብርዱ ነው እንዳይል ቀኑ ሞቋል።

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ለዓለም ውድድሩ ስቶክሆልም መሆን አለብኝ» አለች። «አብረን ነው የምንሄደው።»

«እኔ? ስዊድኖች የራሳቸው የበረዶ አለቃ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው። እኔ ግን አላውቀውም።»

«እዚያ ምን ይበላል?»

«ዓሣ።»

«ሁልጊዜ?»

«ጠዋትም ማታም። ቢራም አለ ይላሉ፤ ቀጭን ነው አሉ።»

ኮርቢንያን ፊቱን አኮሳተረ። ጋሪው ሁለት ጊዜ እስኪታጠፍ አሰበ። «በምንድን ነው የሚኬደው?»

«እስከ ባሕሩ በባቡር፤ ከዚያ በመርከብ።»

«በመርከብ? በውሃ ላይ?»

«በውሃ ላይ ነዋ!»

«ኦቲልየ» አለ አሮጌው የበረዶ አለቃ፣ ድምፁን ነጂው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በረዶ ያልሆነ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ሳቋ ፈረሶቹን አስበረገገ፤ ነጂው ልጓሙን ጨምድዶ ተራገመ፤ ከኋላ ሌዎንቲነ «ምንድን ነው? ለኛም ንገሩን!» ብላ ጮኸች። ኮርቢንያን ብቻ አልሳቀም። ጣቱን እያጠፈ ሦስት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፣ ስንት ጥንድ የሱፍ ካልሲ እንደሚበቃው ይቆጥር ነበር።